ተኩላና አንበሳን በኮታ ማደን፦ ለአንድ አንባቢ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «አጋዘን በፈቃድና በኮታ ሲታደን ማንም አይቃወምም። ተኩላ፣ አንበሳ ወይም ድብ በዚያው ሥርዓት ይታደን ሲባል ግን ጩኸት ይነሣል። ባለሙያዎች ቁጥሩን አስልተው እስከወሰኑት ድረስ ልዩነቱ ምንድን ነው? የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚያነሡትስ ከብታቸው ተበልቶባቸው የማያውቁ ሰዎች አይደሉም?»

ጥያቄው አንድ የሥነ ምህዳርና አንድ የሥነ ምግባር ጉዳይ አጣምሮ ይዟል። ሁለቱ ተለያይተው ሊታዩ ይገባል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለተኛው በአንደኛው ላይ የቆመ ነው ባይ ነኝ። ሥጋ በል አራዊትን ለመግደል የሚቀርበው ምክንያት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሆነ ውጤት ይገኝበታል የሚል ነው፤ ከብት ይድናል፣ አጋዘን ይበዛል፣ ለጥበቃ የሚሆን ገንዘብ ይገባል ይባላል። የተባለው ውጤት ካልተገኘ ግድያው ያለ ምክንያት የተፈጸመ ሆኖ ይቀራል፤ ያለ ምክንያት መግደልን ደግሞ ጠያቂዬም የሚደግፉት አይመስለኝም። ስለዚህ ከውጤቱ ልጀምር። በምላሼ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጋዘን፣ ሚዳቋና የመሳሰሉት ሣርና ቅጠል በል እንስሳት የሚበላቸው እንዳለ ሆነው የተፈጠሩ ናቸው። ከሚወለደው ግልገል ብዙው ለአቅመ መራባት ሳይደርስ በአውሬ፣ በረሃብና በበሽታ ያልቃል፤ ሰው በልኩ ሲያድን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው በሌላ ምክንያት ሊሞት የነበረውን ነው። የኮታ ስሌት የተወለደው ከእንዲህ ዓይነቱ እንስሳ፣ እንዲሁም ከዓሣና ከዱር ወፍ ነው። በምግብ ሰንሰለቱ አናት ላይ የተቀመጠውን ሥጋ በል ግን የሚያድነው ሌላ አውሬ የለም። ቁጥሩን የሚገድበው የሚያገኘው ሥጋ፣ የሚይዘው ግዛትና የገዛ ወገኑ የሚያደርስበት ጫና ነው። የተኩላ መንጋ ጎረቤት መንጋ ከግዛቱ ሲገባ ያባርራል፣ ከቻለም ይገድላል፤ በመንጋው ውስጥ የሚወልዱትም በአብዛኛው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ብቻ ናቸው። «ካልታደነ ያለ ገደብ ይበዛል» የሚለው ስጋት እንግዲህ ከአጋዘን ተወስዶ ለተኩላ የተለጠፈ ነው።

ገድለን እንቀንሰው ሲባልም ሁሉም ዝርያ አንድ ዓይነት ምላሽ አይሰጥም። ኮዮቴ የሚባለውን የሰሜን አሜሪካ ትንሽ ተኩላ እንውሰድ። በወጥመድ፣ በመርዝና በጥይት ከመቶ ዓመት በላይ ሲዘመትበት ኖሯል፤ ዛሬ የሚገኝበት አካባቢ ግን ዘመቻው ሲጀመር ከነበረው እጅግ ይሰፋል። ጥንዶቹ ሲገደሉ ቀድሞ የማይወልዱ ሴቶች መውለድ ይጀምራሉ፣ ለቀሪዎቹ ምግብ ስለሚተርፍ ብዙ ቡችላ ያድጋል፣ ባዶ የቀረውን ግዛት ደግሞ ከሌላ ቦታ የመጡ ወጣቶች ይይዙታል። በ1975 የተሠራ አንድ የሒሳብ ሞዴል የኮዮቴ ዘር ሊጠፋ የሚችለው በየዓመቱ 75 በመቶው ቢገደልና ይህም ከ50 ዓመት በላይ ሳይቋረጥ ቢቀጥል ነው የሚል ውጤት አግኝቷል። አንበሳ፣ ድብና ነብር ግን እንዲህ አይደሉም፤ ዘግይተው ይወልዳሉ፣ ጥቂት ይወልዳሉ፣ ግልገሎቻቸውን ለረጅም ጊዜ ያሳድጋሉ። በፍጥነት የሚራባውን ብንገድለው አይቀንስልንም፤ በዝግታ የሚራባው ደግሞ ካሰብነው በላይ ይቀንስብናል። አንድ የኮታ ቀመር ለሁለቱም አይሠራም።

አንበሳን ዘርዘር አድርጌ ላንሳ፤ ምክንያቱም የቁጥር ስሌት ብቻውን የት ላይ እንደሚያሳስት እንደ እርሱ አጥርቶ የሚያሳይ የለም። በአንበሳ መንጋ ውስጥ እናቶች፣ ደቦሎችና ከውጭ መጥተው መንጋውን የያዙ አንድ ወይም ከዚያ በላይ አዋቂ ወንዶች ይኖራሉ። ወንዶቹ ከተገደሉ ወይም ከተሸነፉ መንጋውን የሚረከቡት አዲስ ወንዶች ከቀድሞዎቹ የተወለዱትን ትንንሽ ደቦሎች ይገድላሉ፤ ከፍ ያሉትንም ያባርራሉ። ደቦሎቿ የሞቱባት እናት ቶሎ ለመፀነስ ስለምትዘጋጅ አዲሶቹ ወንዶች የራሳቸውን ዘር ለመተካት የሚያገኙት መንገድ ይህ ነው። ደቦል ራሱን እስኪችል ሁለት ዓመት ገደማ ስለሚፈልግ፣ ለጎፈሩ ሲባል የተገደለ አንድ ወንድ አንበሳ በኮታው መዝገብ ላይ «አንድ» ተብሎ ቢጻፍም በሜዳው ላይ የሚቀንሰው የአንድ ትውልድ ደቦሎችን ጭምር ሊሆን ይችላል። ከቤት ላይ አንድ ማገር መንቀልና ምሰሶውን መንቀል እኩል አንድ እንጨት መውሰድ ተብሎ እንደማይቆጠር ሁሉ፣ የመንጋውን ወንድ መግደልም በተራ ቁጥር አይለካም።

በታንዛኒያ አንበሶች ላይ በተሰበሰበ መረጃ ተመሥርቶ በ2004 የታተመ ጥናት ለዚህ ችግር አንድ መፍትሔ አቅርቦ ነበር። አደኑ 6 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ወንዶች ላይ ብቻ ቢወሰን፣ በዚያ ዕድሜ ያለ ወንድ የመጀመሪያ ደቦሎቹን አሳድጎ የጨረሰ ስለሚሆን የመንጋው ቁጥር እምብዛም አይጎዳም። ዕድሜውን ከሩቅ ለመለየት ጥናቱ ያቀረበው ምልክት አፍንጫ ነው። የወጣት አንበሳ አፍንጫ ሮዝ ሲሆን ዕድሜው በገፋ ቁጥር ጥቁር ነጠብጣብ እየወረሰው ይሄዳል፤ ከግማሽ በላይ የጠቆረ ከሆነ እንስሳው ወደ ገደቡ መድረሱን ይጠቁማል። አሁን አዳኙን በዓይነ ሕሊናችን እንመልከተው። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ ከ80 ሜትር ርቀት፣ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የፈቃዱ ቀናት እያለቁበት፣ በመነጽሩ ውስጥ የአፍንጫ ቀለም መቁጠር አለበት። ጎፈሩ የሚያምር የ4 ዓመት አንበሳ ቀድሞ ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ምርምር አያስፈልግም። ስለዚህ ደንቡ የሠራው ቅጣት በተከተለበት ቦታ ነው። በሞዛምቢክ የኒያሳ ጥብቅ ክልል የተገደለው እያንዳንዱ አንበሳ ዕድሜው በጥርሱና በራስ ቅሉ ይመረመራል፤ ወጣት ያስገደለ ድርጅት በቀጣዩ ዓመት ኮታው ይቀነስበታል። በዚህም የተነሣ ያለ ዕድሜያቸው የሚገደሉት ድርሻ ቀንሷል። በኋላ በዛምቢያ የተሠራ ጥናት ደግሞ የዕድሜ ገደቡን ወደ 7 ከፍ ማድረግ፣ ኮታውን ማጥበብና አካባቢው የሚያርፍበት ጊዜ መስጠት ጭምር እንደሚያስፈልግ አሳይቷል።

ብዙ ሰው «ብሔራዊ ፓርኩ የተጠበቀ ነው፤ አደኑ ከፓርኩ ውጭ ነው» ሲባል ይረጋጋል። አንበሳው ግን ድንበሩን አያውቀውም። በዚምባብዌ ሁዋንጌ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በተደረገ ክትትል፣ ምልክት ከተደረገባቸው አንበሶች መካከል 34ቱ ሲሞቱ 24ቱን የገደላቸው የስፖርታዊ አደን፣ ማለትም ለመታሰቢያ ተብሎ በክፍያ የሚደረግ አደን፣ ጥይት ነበር። ከፓርኩ አጥር ማዶ ያለው ወንድ ሲገደል ግዛቱ ባዶ ይሆናል፤ ከፓርኩ ውስጥ ሌላ ወንድ ወጥቶ ይይዘዋል፤ እርሱም በተራው ይገደላል። ጠርዝ ላይ ያለው አደን በዚህ መንገድ ከፓርኩ መካከል እየሳበ ይወስዳል። በአካባቢው የአንበሳ አደን እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2008 ሲታገድ ቁጥራቸው ማገገሙ የምክንያቱን ትክክለኛነት አረጋግጧል።

ተመሳሳይ ነገር በስካንዲኔቪያ ቡናማ ድቦች ላይ ይታያል። አዋቂ ወንድ ድብ ሲገደል ግዛቱን የወረሰው ሌላ ወንድ ግልገሎቹን ይገድላል። በስዊድን ሕግ ግልገል ያስከተለች እናት ድብ አትታደንም፤ ደግ ሕግ ነው። ነገር ግን ተመራማሪዎች ለረጅም ዓመታት ሲከታተሉ ያልጠበቁትን አገኙ። ቀድሞ ግልገሎቻቸውን በዓመት ከመንፈቅ ያሰናብቱ ከነበሩት እናቶች መካከል ተጨማሪ አንድ ዓመት ይዘው የሚቆዩት እየበዙ ሄዱ፤ ግልገል የያዘችው በሕይወት ስለምትተርፍ አደኑ ረጅም እናትነት ያላቸውን እየመረጠ አስቀራቸው። የሰው ደንብ የአንድን አውሬ የልጅ አስተዳደግ ሲለውጥ ማየት ለሙያችን ሰዎች አስደናቂ ቢሆንም የሚያስደስት ግን አይደለም። ቁጥሩ ባይነካ እንኳ እንስሳው ራሱ ይለወጣል ማለት ነው።

የኮታው አፈጻጸምም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በየካቲት 2021 በአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግዛት የተኩላ አደን ተፈቅዶ ለፈቃድ አዳኞች የተመደበው ኮታ 119 ነበር፤ ሦስት ቀን ባልሞላ ጊዜ 218 ተኩላዎች ተገደሉ። ወቅቱ የተኩላ መራቢያ ወር ነበር፤ ብዙዎቹም የተገደሉት በአዳኝ ውሾች እየተባረሩ ነው። ባለሥልጣናቱ አደኑ እንደሚዘጋ ቢያስታውቁም፣ በማስታወቂያውና በመዝጊያው ሰዓት መካከል ግድያው ቀጥሎ ነበር። ጠያቂዬ «ባለሙያዎች አስልተው እስከወሰኑት ድረስ» ያሉት ሐረግ የሚፈተነው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

የአውሬው መጥፋት በሌላው ሕይወት ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ ብዙ ይባላል፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እጅግ የታወቀው ምሳሌ የአሜሪካው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ነው። የመጨረሻዎቹ ተኩላዎች በ1926 ተገደሉ፤ ኤልክ የሚባለው ትልቅ አጋዘን በዝቶ ቁጥቋጦውን ጨረሰው፤ የፓርኩ ሠራተኞች ራሳቸው እስከ 1968 ድረስ ኤልክ እየገደሉ ለመቀነስ ተገደዱ። በ1995 እና በ1996 ከካናዳ 31 ተኩላዎች መጥተው ተለቀቁ። ከዚያ በኋላ ኤልኩ ቀነሰ፣ በአንዳንድ ወንዞች ዳር ዛፍ አቆጠቆጠ። «ተኩላ የወንዞችን መንገድ ለወጠ» የሚለው በሰፊው የተሰራጨ ትረካ ግን ከማስረጃው አልፎ ሄዷል። ኤልኩን የቀነሱት ተኩላዎች ብቻቸውን አልነበሩም፤ ድቦች፣ ፑማ የሚባሉት ትልልቅ የዱር ድመቶችና ከፓርኩ ውጭ ያሉ አዳኞችም ነበሩበት። ከ20 ዓመት በላይ የቆየ የመስክ ሙከራ ደግሞ በብዙ ሸለቆዎች ቁጥቋጦው ያልተመለሰው ቢቨር የሚባለው ግድብ ሠሪ እንስሳ በመጥፋቱና የከርሰ ምድር ውሃው በመውረዱ መሆኑን አሳይቷል። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት ከታዋቂው ትረካ የከበደ ነው። ተኩላውን ማጥፋት ጥቂት አሥርት ዓመታት ፈጀ፤ ተኩላውን መመለስም ተቻለ፤ በመካከሉ የፈረሰው ሥርዓት ግን አብሮ አልተመለሰም።

ሰንሰለቱ አጭርና ግልጽ የሆነበት ምሳሌ ባሕር ውስጥ አለ። የባሕር ኦተር የሚባለው ፀጉረ ለስላሳ ሥጋ በል ለቆዳው ሲባል እ.ኤ.አ. ከ1741 በኋላ በሰሜን ፓስፊክ ዳርቻዎች ሁሉ ታደነ፤ በ1911 ዓለም አቀፍ ስምምነት ሲጠበቅ የቀረው ቢበዛ 2,000 ገደማ ነበር። ኦተሩ የሚመገበው የባሕር ጃርትን ነው፤ ጃርቱ የሚመገበው ኬልፕ የሚባለውን ከባሕር ወለል እንደ ዛፍ የሚቆም አረም ነው። ኦተሩ በጠፋበት ደሴት ዙሪያ ጃርቱ ወለሉን ሞልቶ አረሙን ከሥሩ ይቆርጠዋል፤ በአረሙ ውስጥ የሚጠለለው ዓሣም አብሮ ይሄዳል። የቆዳ ነጋዴዎቹ ስለ ኬልፕ አስበው አያውቁም፤ ሊያስቡም የሚችሉበት እውቀት አልነበራቸውም። እኛ ግን አለን፤ ኃላፊነታችንም ከእነርሱ የሚለየው በዚህ ነው።

ተኩላ ለሰዎች የሚሰጠው ያልታሰበ ጥቅምም አለ። በዚያችው ዊስኮንሲን በ2021 የታተመ ጥናት ተኩላ በገባባቸው ወረዳዎች ከአጋዘን ጋር የሚደርሰው የመኪና ግጭት በአማካይ 24 በመቶ መቀነሱን አረጋግጧል። አብዛኛው ቅናሽ የመጣው አጋዘኑ ተበልቶ ስላለቀ ሳይሆን፣ ተኩላው እንደ መተላለፊያ የሚጠቀምበትን መንገድ ዳር ዳሩን ስለሚሸሸው ነው። በፈቃድ የሚያድን ሰው፣ ያውም በዓመት ለጥቂት ሳምንታት፣ ይህን ፍርሃት አይተካውም።

አሁን ወደ ከብቱ እንምጣ፤ በጥያቄው ውስጥ እውነተኛው ሕመም ያለው እዚህ ነውና። ከብት የሚበላን አውሬ መግደል ከብቱን ያድናል? መልሱ «ማንን፣ መቼ፣ ስንቱን» በሚለው ላይ የተመሠረተ ነው። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት በሦስት የአሜሪካ ግዛቶች የ25 ዓመት መረጃ መርምሮ ተኩላ በተገደለ ማግሥት ዓመት የከብት ጥቃት ይጨምራል አለ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ያንኑ መረጃ በሌላ የስሌት ዘዴ የመረመሩ ሰዎች ተቃራኒውን አገኙ። ሁለቱን ጥናቶች ለሚፈልገው ወገን እየመዘዘ የሚጠቅስ ብዙ ነው፤ እኔ በሁለቱም ላይ ፖሊሲ አልገነባም። ይልቅ የሚያሳምነኝ በ2015 የወጣው፣ ጥቃት ያደረሱትን መንጋዎች አንድ በአንድ የተከታተለው ሥራ ነው። ጥቃት ያደረሰው መንጋ ሙሉ በሙሉ ሲወገድ በቀጣዮቹ አምስት ዓመታት ጥቃቱ የመደገም ዕድሉ 79 በመቶ ቀነሰ፤ የመንጋው ከፊል ብቻ ሲገደል 29 በመቶ። ከፊል ግድያው ውጤት ያሳየውም በጥቃቱ በ7 ቀን ውስጥ ሲፈጸም ነው፤ ከ14 ቀን በኋላ የተገደለ ተኩላ ምንም እንዳልተደረገ ያህል ሆነ።

ይህ ውጤት ለሁለቱም ወገን የማይመች ነው። መግደል ፈጽሞ አይጠቅምም ለሚለው መልስ አለው፤ ቶሎና በትክክለኛው መንጋ ላይ ከተደረገ ይጠቅማል። ለኮታ አደን ደጋፊም መልስ አለው፤ በመጸው ወቅት ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ፣ ከማንኛውም በረት ርቆ የተገደለ ተኩላ ከብት ቀምሶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል፤ የእርሱም ሞት ከብት በተበላበት መንደር ያለውን አርቢ አይጠቅመውም። በአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት በፑማዎች ላይ እንደታየው እንዲያውም ሊጎዳው ይችላል። አዋቂ ወንዶቹ በብዛት ሲታደኑ ቦታቸውን የያዙት ከሌላ አካባቢ የመጡ ወጣቶች ሆኑ፣ ከሰውና ከቤት እንስሳ ጋር የሚፈጠረው ግጭትም ከፍ አለ። ግዛቱ በኋላ የአደን መጠኑን ፑማዎቹ በተፈጥሮ ከሚጨምሩበት ልክ እንዳያልፍ ከ12 እስከ 16 በመቶ ላይ ገደበው።

መግደል የሌለባቸው ዘዴዎች ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የዋህ ምኞት አይደሉም። በቦትስዋና ኦካቫንጎ አካባቢ ተመራማሪዎች በከብቶቹ ዳሌ ላይ፣ ከጅራቱ ግራና ቀኝ፣ ትልልቅ ዓይኖች በጥቁርና በነጭ ቀለም ሣሉ። አንበሳና ነብር አድፍጠው ስለሚያድኑ፣ ታዳኙ እንዳያቸው ከተሰማቸው ብዙውን ጊዜ ይተዋሉ። በአራት ዓመት ውስጥ ዓይን ከተሣለባቸው 683 ከብቶች አንዱም በአድፋጭ አውሬ አልተገደለም፤ ከእነርሱ ጋር አብረው ከተሰማሩት ቀለም ካልነካቸው 835 ከብቶች 15ቱ ተገደሉ፤ የመስቀል ምልክት ብቻ ከተቀባላቸው 543 ደግሞ 4ቱ። ዘዴው በመንጋው ውስጥ ቀለም ያልተቀባ «መሥዋዕት» ባይኖር ይሠራ እንደሆነ ገና መታየት አለበት፤ ቀለሙም በየወሩ ገደማ መታደስ ይፈልጋል። በናሚቢያ ደግሞ አቦ ሸማኔዎች ሽታ እየተዉ የሚገናኙባቸው የታወቁ ቦታዎች መኖራቸው ከተደረሰበት በኋላ፣ ገበሬዎች ጥጃ የያዙ ላሞቻቸውን ከእነዚያ ቦታዎች ሲያርቁ በጥጃዎቹ ላይ የሚደርሰው ጉዳት 86 በመቶ ቀነሰ። አንድም አቦ ሸማኔ መገደል አላስፈለገም። አቦ ሸማኔው ገበሬውን ጠልቶ አልነበረም የሚመጣው፤ ጥጃው መሰብሰቢያው ላይ ስለተሰማራለት ነበር።

ወደ ሥነ ምግባሩ ስመጣ፣ ምክንያቶችን በአንድ ቅርጫት አላስቀምጥም። የሰውን ሕይወት የሚያሰጋ አውሬን መግደል አከራካሪ አይደለም፤ መደረግ ያለበት በፍጥነትና በሚችል ሰው ነው። ሰው ከሌላ አህጉር ያመጣቸውን ሥጋ በሎች መግደልም፣ ደስ የሚያሰኝ ሥራ ባይሆንም፣ ምክንያቱ ጠንካራ ነው። የኒው ዚላንድ ወፎች መሬት ላይ ከሚያድኑ አጥቢ እንስሳት ጋር ኖረው አያውቁም፤ አይጥና ስቶት የሚባለው ትንሽ ሥጋ በል በመርከብ ከመጡ ወዲህ ብዙ ዝርያ ጠፋ፤ አገሪቱም በ2016 እነዚህን እስከ 2050 ለማስወገድ አውጃለች። ስለዚህ «ሥጋ በልን መግደል ምንጊዜም ኃጢአት ነው» የሚል አቋም የለኝም።

አጋዘን እንዲበዛልን ተኩላና ድብ ይገደል የሚለውን ግን መቀበል ይከብደኛል። በ2023 የአሜሪካዋ አላስካ ግዛት ካሪቡ የሚባለው የሰሜን አጋዘን አንድ መንጋ ቁጥሩ ወረደ ብሎ ከሄሊኮፕተር ላይ 99 ድቦችና 5 ተኩላዎችን አስገደለ፤ መንጋው በበሽታና በግጦሽ መለወጥ ጭምር እየተጎዳ እንደነበር እየታወቀ። እዚህ ላይ አንዱ የዱር እንስሳ የሚሞተው ሌላው በሰው ጥይት እንዲሞት ነው። ምግቡ ከዚያ ብቻ ለሆነ ማኅበረሰብ ጥያቄው ሌላ መልክ ይኖረው ይሆናል፤ ለትርፍ ጊዜ አዳኝ ግን ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ክብደት የለውም።

ክስ ያለ ማስረጃ ምን እንደሚያደርስም ታሪክ አለው። የአውስትራሊያዋ ደሴት የታዝማኒያ መንግሥት ታይላሲን የተባለውን ባለ ኪስ ሥጋ በል በበግ ገዳይነት ከስሶ እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1909 ለእያንዳንዱ ሬሳ ወሮታ ከፈለ፤ ከ2,000 በላይ ወሮታ ተከፍሏል። የመጨረሻው እንስሳ በ1936 በሆባርት መካነ አራዊት ሞተ። ከብዙ ዓመታት በኋላ የመንጋጋ አጥንቱን ጥንካሬ የመረመሩ ሳይንቲስቶች በግ የሚያህል እንስሳ ለመጣል የሚበቃ እንዳልነበረ ደመደሙ። በጎቹን ይፈጁ ከነበሩት መካከል የባዘኑ ውሾች ነበሩበት።

ስፖርታዊ አደን ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ነው፤ እዚህ ላይ ሁለቱንም ወገን በአክብሮት መስማት ይገባል። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ለአደን የተከለለው መሬት ወደ 1.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይገመታል፤ ይህም ከብሔራዊ ፓርኮቹ ስፋት ይበልጣል። አደኑ ቢቀር ያ መሬት ሁሉ የጎብኚ መዳረሻ አይሆንም፤ ብዙው ቆላ፣ መንገድ አልባና ቆንጥር የሞላበት ስለሆነ እርሻና ግጦሽ ይሆናል። ኬንያ በ1977 አደንን ፈጽማ ከልክላለች፤ ከዚያ ወዲህ ግን የዱር እንስሳቷ ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል። እገዳ ብቻውን እንስሳ አያድንም። በሌላ በኩል የታንዛኒያ የአደን ቀጣናዎች ሲመረመሩ የአንበሳው ቁጥር ከሁሉ የከፋ ያሽቆለቆለው አደኑ በበረታበት ቦታ ነበር። ገንዘቡ መሬቱን ያስጠብቃል የሚለው ክርክር ሚዛን የሚደፋው እንግዲህ ገንዘቡ በእርግጥ ከእንስሳው ጋር ለሚኖረው ሰው ሲደርስ፣ አደኑም የሚጠብቀውን እንስሳ ሳይጨርስ ሲቀር ነው። ሁለቱም በሰነድ ሊታዩ የሚችሉ ነገሮች ስለሆኑ፣ ሊያሳይ የማይችል ሰው ክርክሩን ባያነሣው ይሻላል።

በ2015 ሁዋንጌ አጠገብ ሴሲል የተባለው አንበሳ ሲገደል ዓለም የተቆጣበትን ምክንያት ሳስበው የዝርያው ቁጥርና የአንዱ እንስሳ ሥቃይ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸው ይታየኛል። ሴሲል 13 ዓመቱ ነበር፤ በ6 ዓመቱ ደንብ ቢመዘን ለአደን የደረሰ ነው። ያስቆጣው ሌላ ነው፦ በማማለያ ሥጋ ከፓርኩ ተስቦ መውጣቱ፣ በቀስት ቆስሎ ለብዙ ሰዓታት መቆየቱ፣ አንገቱ ላይ የምርምር መከታተያ የነበረው መሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዛንዳ የተባለው የ6 ዓመት ልጁ በሕጋዊ አደን ሲገደል ቁጣው ያን ያህል አልነበረም። አንድ እንስሳ የሚሠቃየው ሥቃይ የዝርያው ቁጥር በመትረፉ አይካካስም፤ የዝርያው መዳከምም ግድያው ፈጣንና ሥርዓት ያለው በመሆኑ አይስተካከልም። ሁለቱም መመዘኛዎች መሟላት አለባቸው፤ አንዱን አሟልቶ ሌላውን መዝለል በሁለቱም ካምፕ የተለመደ ስንፍና ነው።

በመጨረሻ ጠያቂዬ ያነሡት የከተሜ ነቀፌታ አለ። በዚህ እስማማለሁ። ከአውሬ ጋር የሚኖር ሰው የሚያጣውን በሩቅ ያለ ሰው አያጣም፤ የአውሬውን መኖር የሚፈልገው ግን በሩቅ ያለው ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው ተወቃሽን መፈለግ ሳይሆን ክፍያ ነው፤ የክፍያው ዓይነት ደግሞ ወሳኝ ነው። ለተበላ ከብት ካሣ መክፈል የተለመደ ቢሆንም ሬሳውን ማስመስከር አድካሚ ነው፣ ጥበቃውንም ሊያላላ ይችላል። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ሬንዲር የሚባለውን የቤት አጋዘን ለሚያረቡት ነባር የሳሚ ማኅበረሰቦች የምትከፍለው ግን በተበላው ሬንዲር ልክ አይደለም። በግዛታቸው ዎልቨሪን የተባለው ሥጋ በል ግልገል መውለዱ በተቆጣጣሪዎች ሲረጋገጥ፣ ለእያንዳንዱ የተረጋገጠ ወሊድ የተወሰነ ገንዘብ ይከፈላቸዋል፤ ገንዘቡን እንዴት እንደሚጠቀሙበት፣ እረኛ ይቅጠሩበት ወይም ይከፋፈሉት፣ የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የዎልቨሪኑ ቁጥር ከፍ ብሏል፤ ተመራማሪዎቹ ሲያጣሩ በሕገ ወጥ መንገድ ከሚገደሉት መካከል የአዋቂ ሴቶቹ ድርሻ ከወንዶቹ ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። ክፍያው የሚመጣው ከሚወልዱት ነውና አርቢዎቹ የትኛዋን መተው እንዳለባቸው ለይተው ያውቃሉ።